የወተት ቤቱ ሳጥን

ማሪቱ የሰው ፊት አይታ አታምንም። ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የወተት ማኅበር ቤት በር ላይ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ላክቶሜትር የሚሉትን የመስታወት መለኪያ እንደ ዱላ ይዛ ትቆማለች። ገበሬው ጠዋት ወተቱን ይዞ ሲመጣ «አካም ቡልቴ ማሪቱ፣ እንዴት አደርሽ» ይላታል። እሷ መለኪያውን ወተቱ ውስጥ ነክራ እስክታይ ድረስ እግዜር ይመስገንም አትል። ውሃ የገባበት ከሆነ መለኪያው ዝቅ ብሎ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! «ይሄ ወተት ጠበል ተጠምቆ ነው የመጣው!» ብላ ሰው ፊት ታዋርዳለች። ቄስም ቢሆን አትምርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሷ ሃይማኖት። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለው አገሯ ይዛው መጣች የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ወተት ነው ያስተማራት እላለሁ።

በመለኪያው ያለፈ ወተት ሁሉ አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ታንከር ውስጥ ይገለበጣል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የኦቦ ዳዲ ወተት፣ የመበለቷም ወተት፣ ትናንት በወሰን የተጣሉት የሁለት ጎረቤታሞችም ወተት እዚያው ነው። ከገባ ወዲያ የማን የማን እንደሆነ መለየት የለም። በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ከሰው ተራ ነው የሚባለው ወተቱ እዚያ ታንከር ውስጥ ሲገባ ነው። ወተትህን ለብቻው አስቀምጡት የተባለ ቀን፣ እሳት የሚጭርልህ ጎረቤት የለህም፤ ብትሞት የሚቀብርህም ያጠራጥራል። ይህን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው።

ኢፋ የተረፈች ልጅ ነው። ተረፈች ባሏ ከሞተ ወዲህ በቦቃ ላሟና በቁራጭ መሬቷ ልጇን ያሳደገች፣ እጇ ከሥራ አፏ ከምርቃት የማያርፍ ሴት ናት። ወተቷ አንድም ቀን በመለኪያው ወድቆ አያውቅም። ማሪቱ እንኳን «የእማማ ተረፈችንስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀበል» ትል ነበር፤ ዓይኗን ግን አትጨፍንም፣ የሷንም ነክራ ታያለች።

ልጁ ከብት አልወደደም። የአባቱን ሬዲዮ ፈታቶ መግጠም አቅቶት የተገረፈ ልጅ፣ ምን ላም ያግዳል! ከፍ ሲል ቡራዩ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ እዚያ ዲሽ ከሚተክል ባለሙያ ሥር ሲላላክ ቆይቶ፣ በገፈርሳ መንገድ ላይ የራሱን ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ያን ጊዜ ቡራዩ ውስጥ ዲሽ የሌለበት ጣሪያ ከተገኘ ባለቤቱ መነኩሴ ነው። ደንበኛው ሪሲቨሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ቻናል ጠፋችብኝ» ይላል። የትኛዋ ተብሎ አይጠየቅም፤ መንግሥት የሚያፍናት ናት። ኢፋ ሪሲቨሩን ፍላሽ ያደርግና አዲስ ሶፍትዌር ጭኖ ይመልስለታል። ይህ ሥራ አንድ ክፉ ጎን አለው፤ ማን ቤቱን ዘግቶ ምን እንደሚያይ ታውቃለህ። የሰው ምስጢር የሚያውቅን ሰው ደግሞ፣ ምንም ባይናገር፣ ይፈሩታል።

አንዲት ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ከበድ ያለ ሪሲቨር አመጣችለት። ሲሰካ ቀይ መብራቱ ይበራና «ቡት»፣ መነሣት ማለት ነው፣ በሚል ጽሑፍ ላይ ተገትሮ ይቀራል። «ተወው፣ የበር ማስደገፊያ አድርገው» ብላ ጥላው ሄደች። ኢፋ ከፈተው። ሦስት ቀጫጭን ሽቦ በይዶ ከላፕቶፑ ጋር ቢያገናኘው፣ ስክሪኑ ላይ ፊደል እንደ ዝናብ ወረደ። ሪሲቨር ብሎ የናቀው ዕቃ ለካ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ኖሯል! ችግሩ፣ ፋብሪካው የጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዕቃውን ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው ሶፍትዌር ማለት ነው፣ ተቆልፎ ነው የመጣው። ቁልፉ ያለው ፋብሪካው ዘንድ ነው። ሌላ ግን ነበር፤ ሊኑክስ ይሉታል። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የጻፉት፣ የፈለገ ሁሉ በነፃ ወስዶ፣ ውስጡን አንብቦ፣ ለገዛ ዕቃው እንዲስማማ አድርጎ የሚያስተካክለው ነው። ደቦ በሉት፤ የዓለም ደቦ።

ብቻ ደቦው የሠራው ለትልልቅ ኮምፒውተር ነው፤ የኢፋ ዕቃ ደግሞ ሆዱ ጠባብ ነው። መቁረጥ ጀመረ። ድምፅ አያስፈልግም፣ ወጣ። ሥዕል አያስፈልግም፣ ወጣ። አንዱን ሲያወጣ ሌላው ይፈርስበታል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ያኔ ነበር። ስንቴ ሞተበት! ስንቴ «ቡት» ላይ ቆሞ አፈጠጠበት! ጓደኞቹ «ኢፋ ሬሳ ያጥባል» እያሉ ሲቀልዱበት ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ግን ገና ሲሰካው ዕቃው ምንም ሳያንገራግር ተነሣና «እዘዘኝ» እንደሚል ሰው ምልክቱን ብልጭ ድርግም አደረገለት። ኢፋ ሱቁን ዘግቶ ገፈርሳ ግድቡ ድረስ በእግሩ ሄደና፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ብቻውን ጮኸ። የደስታ ነው፤ እሱም አላፈረበት።

ተነሣ እንበል፣ ምን ይሠራበታል? መልሱ ከእናቱ መጣ። ሱሉልታ መብራት ጠፍቶ፣ ጀነሬተሩን የሚያስነሣ ሰው ሳይገኝ፣ የታንከሩ ወተት በሙሉ ተበላሽቶ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብን እኮ!» ብላ በስልክ ስታለቅስ ነገሩ ታየው። ያን ሪሲቨር፣ አሁን ሳጥኑ እንበለው፣ ሱሉልታ ወስዶ ከታንከሩ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ሳበለት። መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ጀነሬተሩን እንዲያስነሣ፣ ጀነሬተሩ ቆሞ ወተቱ መሞቅ ከጀመረ ደግሞ ለማሪቱ ስልክ ሜሴጅ እንዲልክ አስተማረው። ለዚህ ሲባል መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ፣ ሲም ካርድ የሚጎርስ ሞደምና ጣት የምታህል አንቴና ገባለት። ኢንተርኔት እንኳ ቢዘጋ ሜሴጅ ብዙውን ጊዜ ያልፋል።

የተከለ ዕለት ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ኢፋ ደረቱን ነፋ። «ይሄ የተቆለፈ ዕቃ አይደለም። ሲስተሙ ክፍት ነው፤ ምንም የተደበቀ ነገር የለበትም። የፈለገ ሰው ከፍቶ ማየት ይችላል!»

«እኔ ከፍቼ ምን አያለሁ?» አለች ማሪቱ። «ጉንዳን የመሰለ ፊደል! ወይስ መለኪያዬን ልንከርበት?»

ሰዉ ሳቀ። ኦቦ ዳዲ ግን አልሳቁም። ቃል ከአፋቸው በማንኪያ የሚወጣ ሽማግሌ ናቸው። ቀዩን መብራት ትክ ብለው አይተው «ይሄ ሁልጊዜ ይበራል?» ብለው ጠየቁ፣ ይበራል ተባሉ፣ ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ኢፋ አልተናገረም። ከቡራዩ ሱሉልታ መምጣት ማለት አስኮ፣ ከአስኮ ጳውሎስ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ የሱሉልታን ታክሲ መጋፋት ነው። ለትንሹም ለትልቁም ብልሽት ላለመንከራተት ብሎ ለራሱ አንድ በር ትቶ ነበር። ለማሪቱ የሚሄደው ሜሴጅ ለሱም ስልክ ይደርሳል፤ ከስልኩም እሱ ብቻ የሚያውቃትን አንዲት ቃል ቢልክ ሳጥኑ የታንከሩን ሁኔታ ይነግረዋል፣ ያዘዘውንም ይፈጽማል። ክፋት አስቦ አይደለም። ለጥገና ነው፣ ማን ምን ይለኛል፣ ምን አስነገረኝ ብሎ ነው። ወይ ኢፋ! ክፍት ነው ብለህ ማልኩ እስክትል ድረስ ስትፎክር፣ የገዛ ቀዳዳህን ረሳኸው።

ሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ላይ አገሩ ተናወጠ። ማስተር ፕላኑ የአዲስ አበባን ዙሪያ ሊውጥ ነው ተባለ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰላም ያደረ ከተማ የለም። ተማሪው ወጣ፣ ጥይት ተሰማ፣ ልጅ የሞተባት እናት አለቀሰች። ማሳው ጥግ ላይ ችካል ያየ ገበሬ ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ወተት ቤቱ በር ላይ ድሮ ሰው ተራ እስኪደርሰው የሚያወራው ስለ ከብት መኖ፣ ስለ ፋጉሎና ስለ ፉርሽካ ነበር። አሁን ወሬው ሌላ ሆነ፣ ድምፁም ዝቅ አለ። አዲስ ሰው ሲመጣ ሁሉም ወደ ሰማይ አይቶ ስለ ደመና ያወራል፤ በኅዳር ምን ደመና አለ!

የኦቦ ዳዲ ልጅ ኦዳ ግን ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልበትም። ከኢፋ ጋር አብሮ ያደገ፣ አፉና ልቡ አንድ የሆነ ወጣት ነው። አንድ ጠዋት እዚያው ወተት ቤቱ በር ላይ «መሬታችንን ሲለኩ ቆመን አናይም፣ ነገ ሁላችንም መንገድ ላይ ነን» አለ። በማግስቱ ከቤቱ ወሰዱት። ምግብ ያደረሰችለት እህቱ ይዛው የመጣችው ወሬ ሰፈሩን አቀዘቀዘው፤ ኦዳ ወተት ቤቱ በር ላይ የተናገረው ቃል በቃል ተነቦለታል።

እንግዲህ ማን ነገረ? መጀመሪያ ዓይን ሁሉ ማሪቱ ላይ አረፈ፤ የሌላ አገር ሰው ናት አሉ። ቀጥሎ ባሏ ቀበሌ የሚሠራው ሴትዮ ተጠረጠረች። ከዚያ አንዱ «ቆይ እስቲ፣ ያ ሳጥን አንቴና አለው አይደል?» አለ። ወይ ጉድ! በዚያው አለቀ። «ሰው ሲያወራ መብራቱ ይደምቃል» የሚል ተነሣ። «ሲም ካርድ አለው፣ ለማን ነው የሚደውለው?» የሚል ተከተለ። ማሪቱ ፎጣ አምጥታ ቀዩን መብራት ሸፈነችው። ሳጥኑ ጆሮ እንኳ የለው፤ ድምፅ የሚባለውን ነገር ኢፋ ገና ቡራዩ ሳለ ነው ቆርጦ የጣለው። ግን ይህን ማን ያምናል?

ይባስ ብሎ አንድ እሑድ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ ተነሣ፣ ነዳጅ ጨረሰ፣ ቆመ። ሳጥኑ ለማሪቱ ሜሴጅ ላከ፤ የማሪቱ ስልክ ግን ባትሪው አልቆ ነበር። ግልባጩ ቡራዩ ኢፋ ስልክ ላይ ጮኸ። ኢፋ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለወተት ቤቱ ጥበቃ ደወለና «ማሪቱን ጥራልኝ፣ ቶሎ!» አለ። ስትመጣም፣ ሳጥኑ ሥራውን በመሥራቱ ደስ ብሎት፣ «እትዬ ማሪቱ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሷል፣ ወተቱ እየሞቀ ነው፣ ሩጪ!» አላት።

ማሪቱ ሮጣ ነዳጅ አስሞላች። ወተቱ ዳነ። ከዚያ ተመልሳ በጥበቃው ስልክ ደወለችና ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ኢፋ፣ አንተ ያለኸው የት ነው?»

«ቡራዩ፣ ሱቄ።»

«የኛን ቤት ጀነሬተር ከቡራዩ በምን አየኸው?»

ኢፋ ሳቀ። «አውቃለኋ!» አላት። ያቺ ሳቅ ባትኖር ይሻለው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስልኩን ከዘጋው በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

በማግስቱ ተረፈች ወተቷን ይዛ መጣች። ማሪቱ ነከረች፤ መለኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ወተቱ ንጹሕ ነበር። ኦቦ ዳዲ ግን ከጎን ቆመው «የተረፈች ለብቻው ይቀመጥ» አሉ። ተረፈች ዕቃዋን ከድና ይዛው ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ያ ሁሉ ወተት ቅቤ ሆነ። ቅቤውን የሚገዛት ግን አልነበረም።

«ወተቴን መለሱብኝ» አለችው በስልክ። «ምን አድርገሃቸው ነው ኢልማ ኮ? ልጄ፣ ንገረኝ። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ጎኔ የሚቆም ጠፋ።»

ኢፋ በነጋታው ሱሉልታ ገባ። መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። ማሪቱ ናት፤ ከራሷ ላይ ለማውረድ እኔ ላይ ጣለችብኝ አለ። አይ፣ ያቺ የቀበሌው ሰው ሚስት ናት። አይ፣ ኦዳ ራሱ ተመትቶ ስሜን ጠርቶ ይሆናል። አብሮት ያደገውን ልጅ መጠርጠሩ ትዝ ሲለው ራሱን ጠላ። ታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ «ወዴት ነህ?» ቢለው እሱንም ጠርጥሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጠዋቱ ወተት ርክክብ ሲያበቃ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ተረፈች ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጫፍ ቆመች። ማሪቱ በሩ ላይ ናት፣ መለኪያዋ እጇ ላይ ነው። ኦቦ ዳዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ልጄ ታስሯል። ማን እንዳሳሰረው አላውቅም። አንተ ነህ አላልኩም። ግን ሳጥንህ ቤቴ ውስጥ አለ፤ አንተም ቡራዩ ቁጭ ብለህ የቤቴን ታውቃለህ። ስለዚህ ማልልን። ‹ከዚህ ግቢ ውጪ ሆኖ ይህን ሳጥን የሚያዝ፣ ከሳጥኑም ወሬ የሚቀበል ሰው የለም፤ ዋሽቼ እንደሆነ የእናቴ ላም ግት ይድረቅ› በል። ያን ጊዜ የእናትህ ወተት ይገባል፣ እኛም ይቅር በለን እንልሃለን።»

በዚያ አገር መሐላ ቀላል አይደለም። የሚምል ሰው የቤቱን ከብት ጠርቶ ነው የሚምለው። ከዚያ ወዲያ ላሟ አንድ ጠዋት ብትነጥፍ መኖ አነሳት የሚል የለም፤ ዋሸ ነው የሚባለው።

«ኦቦ ዳዲ፣ ሳጥኑ ጆሮ የለውም፤ የሰው ድምፅ አይሰማም ብዬ ልማልልዎት» አለ ኢፋ።

«የጠየቅንህን ማል።»

ኢፋ እናቱን አየ። ተረፈች ራሷን ከፍ ዝቅ አድርጋ «ማል ልጄ፣ ምን ያስፈራሃል? እውነትህን ነው!» አለችው። ፊቷ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያልጠረጠረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሱን የጎዳው ይህ ነው። ለመማል አፉን ከፈተ።

«አልምልም» አለ። «ከግቢው ውጪ ሆኖ የሚያዘው ሰው አለ። እኔ ነኝ።»

ግቢው ታመሰ። «አላልኳችሁም!» የሚል ጮኸ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይሄ ነው!» አለ ሌላው። ተረፈች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ኢፋ ሁሉንም ተናገረ፤ ግልባጩን፣ ቃሏን፣ የአስኮና የአዲሱ ገበያን መንገድ፣ ሁሉንም። ኦቦ ዳዲ ሰምተው ሲጨርሱ በቁጣ አልተናገሩም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ቤቴን ሠርተህልኝ፣ ግድግዳው ላይ የራስህን መግቢያ ትተህ ነው የሄድከው?»

«ለጥገና ብዬ ነው ኦቦ።»

«ለጥገናም ቢሆን ሰው ያንኳኳል!»

ይህን ሲሉት ኢፋ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እውነታቸውን ነዋ!

ያኔ ነው ማሪቱ ከበሩ የተንቀሳቀሰችው። «አንድ ጊዜ!» አለች። «እኔ የሰው መሐላም የሰው እንባም አልቀበልም፤ ወተትም ቢሆን ነክሬ ነው። በል ያቺን ቃልህን አሁን ላካት፤ ሳጥኑ የሚመልስልህን እኔ አነባለሁ።»

ኢፋ ላከ። ፎጣው ሥር መብራቱ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሰዉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ማሪቱ ስልኩን ቀምታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ወተቱ ቀዝቃዛ ነው፣ መብራት አለ፣ ጀነሬተሩ ቆሟል።

«ይሄው ነው? ሌላ የለም?»

«ይሄው ነው።»

«እንግዲህ በሩን እዚሁ ዓይናችን እያየ ዝጋ።»

ኢፋ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አገናኘ። ለራሱ የተወውን ሁሉ፣ ግልባጩንም ቃሏንም፣ ከሲስተሙ ውስጥ አንድ በአንድ ቆርጦ አወጣና አጥፍቶ አስነሣው። ማሪቱ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቃሏን ራሷ ላከች። ጸጥ። ደግማ ላከች። ጸጥ። ለኦቦ ዳዲ ሰጥታ እሳቸውም ሞከሩ። ሳጥኑ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ማሪቱ ወደ ሰዉ ዞራ፣ ወተት ላይ እንደምትለው ሁሉ፣ «አልሰመጠም!» አለች። አንዳንዱ በግድ ሳቀ።

ኦቦ ዳዲ ብዙ አሰቡ። «ኦዳን ማን አሳልፎ እንደሰጠው እግዜር ያውቃል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሐሰት መማል ሲችል ያልማለውን ልጅ ግን ዋሾ አልለውም። የተረፈች ወተት ነገ ይገባል። ሳጥኑም ይኑር።» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ኢፋ ቀሰሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ግቢ ውስጥ የሚሆነውን አንተ አታውቅም። አንድ ቀን አውቀህ ብትገኝ…» አልጨረሱትም። መጨረስም አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉም ወደ ተረፈች አየ።

በማግስቱ የተረፈች ወተት ታንከሩ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ «አዴ ተረፈች፣ አካም ቡልቴ» አሏት። ፎጣው ግን ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቀረ፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በሽማግሌ አይወጣም።

ታኅሣሥ ላይ መንገድ ተዘጋ። ከቡራዩም ከሱሉልታም ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ተደርድሮ ታክሲ የሚባል ጠፋ። ኢፋ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ ሬዲዮ ሲሰማ መብራት ሄደ። ለእናቱ ደውሎ ደኅንነቷን ሲጠይቅ «እዚህም ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም፣ ሰውም ከቤቱ አይወጣም» አለችው። ደኅና ሁኚ ብሎ ዘጋው፤ ከዚያ ነው ጀነሬተሩ ትዝ ያለው።

ሳጥኑን እሱ ነው ያስተማረው፤ በሙሉ በርሜል ጀነሬተሩ እስከ መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። ከትናንት ጀምሮ ከሆነ ነዳጁ ወይ አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው። ሳጥኑ ለማሪቱ ልኮ ይሆናል። ማሪቱ ጋ ሞከረ፤ ስልኳ ዝግ ነው፤ መብራት በሌለበት አገር ባትሪው ከየት ይመጣል? ጥበቃውም እንደ ሌላው ሰው ቤቱ ይሆናል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ወተቱ እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ እየሞቀ ነው፤ የኦቦ ዳዲም፣ የተጣሉት ጎረቤታሞችም፣ የእናቱም።

አንዲት ስልክ ትበቃለች። ለእናቱ ደግሞ ደውሎ «ሂጂና ጀነሬተሩን እዪ» ቢላት፣ እሷ ሮጣ ሰው ትጠራለች፣ ወተቱ ይድናል። ከዚያስ? «በምን አወቀ?» ይላሉ። እናቱ ፊት ለፊታቸው ቆማ ምን ትመልሳለች? መሐላውን ባይምልም የኦቦ ዳዲ ጣት አሁንም ዓይኑ ላይ ነው። ስልኩን አነሣ፣ ቁጥሯን አወጣ፣ አስቀመጠው። ደግሞ አነሣ፣ ደግሞ አስቀመጠው። ራሱን ተሳደበ፣ ኦቦ ዳዲን ተሳደበ፣ ያቺን የአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳደበ። አልደወለም።

እናቱ የደወለችው በማግስቱ ነው።

«ኢፋ፣ ወተቱ ተበላሸ። ሁሉም ተደፋ።»

«የአንቺስ?» አለ።

«የኔማ! ከሁሉም ጋር ነዋ!» ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበር፣ አዎ፣ ደስታ። «ኦቦ ዳዲ ራሳቸው ቧንቧውን ከፈቱት። ‹የሁላችንም ነው፣ እግዜር ይተካ› አሉ። ማሪቱ አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን። በቦዩ ሲወርድ አንድ ላይ ነው፤ የማን የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል! ከዚያ አብረን ታንከሩን አጠብን። የኦዳ እህት ከኔ ጋር ነው ባልዲ የያዘችው።»

ከዚያ የእናቱ ድምፅ ተለወጠ።

«ትናንት ስትደውልልኝ መብራት የለም አልኩህ አይደል? ወተቱ እየሞቀ እንደነበር አውቀህ ነበር እንዴ?»

ለእናቱ ዋሽቶ አያውቅም። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ወተቷን ከሰው ወተት ለመቀላቀል እንኳ አልዋሸም።

«አላወቅኩም» አላት። «በሩ ተዘግቶ የለ፣ በምን አውቃለሁ?»

ከወዲያ በኩል እናቱ ስትተነፍስ ተሰማው።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለችው ቀስ ብላ፤ «እንዲያ በል። ማንም ቢጠይቅህ እንዲያ በል።»